የስፖኪዮ ሒሳብ የጭነቱ ባለቤትም ነው

ከገዳሪፍ ገላባት፣ ከገላባት መተማ ዕቃ የምናመላልስ ሰዎች መኪና ስንከራይ የምንጠይቀው ይታወቃል። ስንት ኩንታል ይችላል? ጎማው እንዴት ነው? ሸራ አለው ወይ? ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል? ዋጋው ስንት ነው? ስለ ስፖኪዮ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን እምብዛም አይታይም። እኛ ስፖኪዮ፣ ሱዳኖቹ ሚራያ የሚሉት የጎን መስታወት የሾፌሩ ጉዳይ ተደርጎ ተትቷል። የእኔ አቋም ሌላ ነው። በአሮጌ መኪና የሚጭን ሰው ስፖኪዮውን ሳያይ ቀብድ መክፈል የለበትም፤ መስታወቱ የማይረባ ከሆነም ማስተካከያውን ከባለመኪናው ጋር ሊጋራ ይገባል። ይህን የምለው ለሾፌሮች አዝኜ ብቻ አይደለም። መስታወቱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የእኛው ጭነት ስለሆነ ነው።

የማወራው ስለ አዳዲሶቹ መኪኖች አይደለም። እነሱ ከፋብሪካ ሲወጡ ትልልቅ መስታወት ይዘው ይወጣሉ። የማወራው ስለ አሮጌዎቹ ነው፤ በሱዳን በኩል ስለ ቤድፎርድ ሎሪ፣ በእኛ በኩል ስለ ኤንትሬ። ቤድፎርድ የእንግሊዝ መኪና ነው። አፍንጫው የወጣው ቲጄ የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ ላይ የዋለ ነው። ኤንትሬ የምንለው ደግሞ የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ጣሊያኖች ሦስትን «ትሬ» ስለሚሉ ስሙ በዚያው ቀረ። የፊያት 682 ዘር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሁለቱም ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣሉ። ያም ሆኖ ማንም አይንቃቸውም። ኪራያቸው ይቀንሳል፤ ሲበላሹ ኮምፒውተር አይጠይቁም፤ አንድ ጎበዝ መካኒክና አንድ በያጅ ካገኙ ይነሳሉ። በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ ወደ እርሻው ገብቶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያወጣ ሎሪ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ነገር ግን ዓይናቸው ደክሟል። የደከመበትንም ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ምክንያት መሪው ያለበት ጎን ነው። ኢትዮጵያ በግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ከእንግሊዝ የወረሰችውን የግራ መንገድ ይዛ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ቀኝ ዞረች። ከዚያ በፊት ለግራ መንገድ ተብለው የገቡት ሎሪዎች መሪያቸው በቀኝ ነበር። መንገዱ ዞረ፤ መሪው ካልተዛወረ ግን ሾፌሩ ዛሬም የተቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። የጣሊያኖቹ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያን ዘመን የነበሩት ከባድ የጣሊያን መኪኖች ብዙዎቹ፣ አገሩ በቀኝ እየነዳም ቢሆን፣ መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ ቁልቁል እንዲያይ ታስቦ ነው ይባላል። ምክንያቱ ቢለያይም ውጤቱ አንድ ነው። ቀድሞ የሚያልፍ መኪና የሚመጣው በግራ ሲሆን፣ የግራው መስታወት ያለው ደግሞ ከጋቢናው ማዶ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ከዓይን ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚያሳየው ስፋት ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቅርብ ያለውና በማዶ ያለው መስታወት እኩል ቢሆኑ እንኳ ሾፌሩ በማዶው የሚያየው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በቀኝ መሪ መኪና ላይ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስፖኪዮ ማሰር ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛው ምክንያት ሳጥኑ ነው። ሎሪው ከባሕር ማዶ ሲመጣ የመጣው ፊቱና ሻንሲው ነው። የጭነት ሳጥኑ እዚሁ ሱዳን ውስጥ በእንጨትና በብረት ተሠርቶ፣ ተቀብቶ፣ አጊጦ የተጫነ ነው። ሳጥኑ ከጋቢናው ይሰፋል። የፋብሪካው ስፖኪዮ ክንድ ግን የተለካው ለጋቢናው ነው። እናም መስታወቱ ከኋላ ያለውን መንገድ ማሳየቱን ትቶ የሳጥኑን ፊት ያሳያል።

ሦስተኛው ምክንያት እኛ ነን። ሳጥኑ ሲሞላ ጆንያው በጎን ይወጣል። ቀለል ያለ ጭነት ሲሆን ደግሞ፣ ከሰል፣ ገለባ፣ ባዶ ጀሪካን፣ «ትንሽ ጨምርበት» እያልን በሁለቱም በኩል እናንጠለጥላለን። አንድ ጊዜ የተከፈለበት መኪና ስለሆነ ባዶ ቦታ ማየት አንወድም። ባለመኪናው መቶ ጊዜ ጥሩ መስታወት ቢገዛ፣ መስታወቱ የእኛን ጆንያ ብቻ የሚያሳየው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ያየሁት ይህንን ነው። ሎሪው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር። በግራ በኩል ጭነቱ አብጦ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። በዚያው በኩል ከግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣ የነበረ ጫኝ እግሩ ላይ ወጣበት። የጭነቱ ባለቤት የመጀመሪያ ቃል «ሾፌሩ ምን ነካው?» የሚል ነበር። ሾፌሩ ግን የሚያይበት ነገር አልነበረውም። ልጁ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ሾፌሩ ታሰረ፤ መኪናው ተያዘ፤ ሰሊጡም እዚያው መኪናው ላይ ቀናት አደረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መስታወት ያላወራ አልነበረም።

በመንደር 8 አካባቢ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሉግዲ በኩል የተሻገሩ ወገኖች እዚህ ሲያርፉ፣ ከዚያም ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱነይድባ መጠለያዎች ሲጓጓዙ፣ መኪና ማለት ውሃ፣ እህልና መሄጃ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ሕዝቡ በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። መኪና ሲቆም ሰው ይከበዋል። ሕፃናት በጎማው አጠገብ ይሮጣሉ፤ በኋላ በኩል ይንጠለጠላሉ። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሎሪ የሚበቃ መስታወት ለእንዲህ ያለ ግርግር አይበቃም።

እንግዲህ ምን ዓይነት ይመረጥ? መስታወት በሁለት ይከፈላል። ጠፍጣፋው ነገሩን በእውነተኛ መጠኑና ርቀቱ ያሳያል፤ የሚያሳየው ስፋት ግን ጠባብ ነው። ሆዱ ወደ ውጭ የወጣው ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ግን ነገሩን አሳንሶ ሩቅ ያስመስለዋል። ልዩነቱን ሱቅ ውስጥ ለማወቅ ቀላል ነው፤ ማስመሪያ መስታወቱ ፊት ላይ ማስተኛት ነው። መካከሉ ነክቶ ጫፍና ጫፉ ከተነሳ ሆዱ የወጣ ነው። ለሾፌሩ ቅርብ በሆነው ጎን ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ረዘም ያለ፣ ጠፍጣፋ ወይም በጣም በትንሹ ያበጠ መስታወት ይበቃል። በማዶው ጎን ግን ያበጠውንና ተለቅ ያለውን ምረጡ። ከሁለቱም በታች የኋላ ጎማውን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ክብ መስታወት ቢጨመር ግቢ ውስጥ ለመዞር ይረዳል። ያቺን ትንሽ ክብ ብቻዋን ለጥፎ «ስፖኪዮ አለኝ» ማለት ግን አይቻልም። በጣም ስለምታሳንስ ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ ዝንብ ያክላል።

የመኝታ ቤት መስታወት አስቆርጦ በአሮጌው ፍሬም ውስጥ ማስገባት ርካሽ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ስስ ነው፤ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል፤ ሲሰበርም እንደ ምላጭ ተሰነጣጥቆ ይበተናል። ያ ስብርባሪ የሚበተነው ከሾፌሩና ከረዳቱ ፊት አጠገብ ነው። ለመኪና የተሠራውንም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት የበር ጠርዝ ወይም የመብራት እንጨት በመስታወቱ ውስጥ እያያችሁ ራሳችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ቀጥ ያለው መስመር እንደ ውሃ ከተወዛወዘ መስታወቱ ጥሩ አይደለም።

ሲታሰር ደግሞ መነሻው ልክ ነው። ጋቢናውንና ሳጥኑን በሜትር ለኩ። ጋቢናው 2 ሜትር፣ ሳጥኑ 2 ሜትር ከ40 ቢሆን በእያንዳንዱ ጎን ሳጥኑ በ20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ጆንያው ሲያብጥ 10 ጨምሩበት። እንግዲህ የመስታወቱ ውስጠኛ ጠርዝ ከጋቢናው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ካላለ የሚያሳየው ጭነት ብቻ ነው። ያን ያህል የሚረዝም ክንድ በአንድ ብሎን አይቆምም። ከላይና ከታች በሁለት ቦታ የተያዘ፣ ጠንካራ ቱቦ መሆን አለበት። በሩ ላይ ከመታሰሩ የበሩ ማጠፊያ ባለበት ቋሚ ብረት ላይ ቢታሰር ይሻላል። የአሮጌ መኪና በር ወርዷል፤ በተዘጋ ቁጥር ይንገጫገጫል፤ የተስተካከለው መስታወትም ቦታውን ይለቃል። በሩ ላይ የግድ ከሆነ ላሜራው ዝጎ ስለሚሳሳ ከውስጥ በኩል ወፍራም ብረት ይደገፍበት። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በመካከል ይግባ፤ ዳዶውም ድርብ ይሁን። መስታወት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሾፌሩ የሚያየው ጭጋግ ነው።

በያጁ «እንዳይላላ ልበይደው» ሲል እሺ አትበሉ። ክንዱ ሲነካ የሚታጠፍ መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መስታወት ደንብ፣ ቁጥር 46 የሚባለው፣ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት ከ2 ሜትር በታች የሆነ መስታወት ከመኪናው ስፋት ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የሰው ራስ ነው። በገበያ መካከል የሚያልፍ ሎሪ ተበይዶ የቀረ ብረት በጎኑ ይዞ መሄድ የለበትም።

ያው ደንብ ጥሩ መፈተኛም ይሰጠናል። ሾፌሩ በቦታው ይቀመጥ። ከዓይኑ ወደ ኋላ 4 ሜትር ቁጠሩና ከመኪናው ጎን 1 ሜትር ባልራቀ ቦታ መሬት ላይ አንድ ባዶ ጆንያ አንጥፉ። ይታየዋል? ከዚያ ወደ ኋላ 30 ሜትር ሂዱና ከመኪናው ጎን ወደ ውጭ 5 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ይታየዋል? በግራም በቀኝም ሁለቱንም ካየ መስታወቱ ሥራውን ይሠራል። ይህ ፈተና ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ አይፈጅም፤ ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ የሚፈተነው ከተጫነ በኋላ ነው። ጭነት ሲገባ የኋላ ባሌስትራው ይወርዳል፤ አፍንጫው ይነሳል፤ ጠዋት ባዶ ሆኖ የተስተካከለው መስታወት ከሰዓት ወደ መሬት አዘንብሎ ሩቁን መንገድ ይሰውራል።

የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው «ረዳት አለ» የሚለው ነው። «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» የሚል ረዳት እያለ መስታወት ምን ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው፤ የትኛውም የጎን መስታወት ከሳጥኑ ጀርባ ቀጥታ ያለውን አያሳይም፤ ለዚያ ረዳት ግድ ነው። ግን ረዳቱን ራሱን የሚያየው ማን ነው? ከኋላ ቆሞ የሚጮኸው ልጅ በመስታወት ካልታየ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ደንቡ መሆን ያለበት ረዳቱ ዘወትር በመስታወት በሚታይበት ጎን እንዲቆምና ሾፌሩ ረዳቱን ካጣው ወዲያው እንዲቆም ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ተኝቷል፤ እዚያ መስታወቱ ብቻውን ነው።

ሁለተኛው «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» የሚለው ነው። እኔ ከዚህ ተቃራኒውን ነው የማየው። ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ሌሎቹ ሁሉ ቀድመውት ያልፋሉ። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ባለው ወደ 150 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ ሎሪ የሚቀድመው ጥቂት ነው፤ የሚቀድመው ግን ብዙ ነው። ጠዋት ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ ፀሐይ ከኋላ ስለምትሆን መስታወቱ ያበራል፤ በክረምት ጭቃው ይለጥፍበታል። እንዲህ ባለ መንገድ ቀርፋፋ መኪና ከፈጣኑ ይልቅ የኋላ ዓይን ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የውበት ጉዳይ ነው። ሎሪ ያለው ሰው ሎሪውን ይወዳል፤ ያስጌጠዋል፤ ድሮ እንደመጣ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ይህን አከብራለሁ፤ ያጌጠ ሎሪ ሲመጣ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ እኛም እናያለን። ነገር ግን ሳጥኑ ራሱ ከእንግሊዝ አልመጣም፤ መኪናው ያማረው እዚሁ ተለውጦ ነው። ለሳጥኑ የተፈቀደ ለውጥ ለመስታወቱ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ዘርፉ ክንዱ ላይ ይንጠልጠል፤ ጽሑፉም ፍሬሙ ላይ ይለጠፍ። መስታወቱ ብቻ ባዶውን ይተው።

ሌባ ይወስደዋል የሚሉም አሉ። የአዲስ አበባ ባለመኪና ሁሉ የስፖኪዮ ሌባን ያውቃል። ለዚያ መድኃኒቱ ትንሽ መስታወት ማሰር ሳይሆን በካቻቪቴ የማይፈታ ብሎን መጠቀም፣ ማታም ክንዱን አጥፎ መኪናውን ጠባቂ ባለበት ግቢ ማሳደር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነጋዴ ነንና። እኔ በማውቀው ገበያ ሁለት ደህና ስፖኪዮ ከነክንዱና ከነብየዳው ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ አይበልጥም። አሮጌ ሎሪ 60 ኩንታል ይጭናል እንበል። በአንድ ወቅት 10 ጊዜ ቢመላለስ 600 ኩንታል ነው። ወጪው ከስድስት መቶ አንድ እጅ ነው ማለት ነው። ከባለመኪናው ጋር እኩል ከተካፈልነው ደግሞ ግማሹ። በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጠውን ቁጠሩት። ሾፌር ይታሰራል፤ መኪና ይያዛል፤ ጭነት ዝናብ ላይ ይቆማል፤ የድንበር ወረቀት ቀኑ ያልፋል፤ ገዢ ይሄዳል። ሰው ከሞተ በሱዳን ሕግ ዲያ አለ፤ የእኛም ሽማግሌዎች ካሳ ይፈርዳሉ። ባለመኪናው አቅም ሲያጣ እጁን ወደ ማን እንደሚዘረጋ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ሁሉ የገንዘብ ሒሳብ ብቻ ነው፤ የአንድ እናት ልጅ በየትኛው መዝገብ እንደሚጻፍ አላውቅም።

ሌላው ዓለምም ይህን ጥያቄ ተነጋግሮበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ከ2000 ጀምሮ የተመዘገቡ ከ3.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖች፣ በሥራ ላይ ያሉትም ጭምር፣ የተሻለ መስታወት እንዲታሰርላቸው እስከ መጋቢት 2009 ቀነ ገደብ ሰጥቶ ነበር። እነሱ ያን ጊዜ አሮጌ ያሉት መኪና እዚህ ቢመጣ ሙሽራ ነው። ቁም ነገሩ ግን መኪናው ስላረጀ መስታወቱ እንዳረጀ ይቅር አላሉም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ኪራይ የሚከፍል ሰው የራሱ መመሪያ ማውጣት ይችላል።

ስለዚህ የሰሊጡ አዝመራ ሳይደርስ፣ መኪናም ተፈላጊ ሆኖ ዋጋው ሳይንር፣ ይህን እንስማማ። አንደኛ፣ ከደላላ ጋር ስንነጋገር ከጎማና ከሸራ ቀጥሎ ስፖኪዮውን እንጠይቅ፤ መሪው በየት በኩል እንደሆነም እንወቅ። ሁለተኛ፣ መስታወቱ የማይረባ ከሆነ ባለመኪናው ይግዛ፤ ግማሹን እኛ ከመጀመሪያው ኪራይ ጋር እንክፈል፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ጆንያ ከስፖኪዮው መስመር እንዳይወጣ ጫኞቹን እንዘዝ፤ ለሚቀረው ዕቃ ሌላ ጉዞ አለ። አራተኛ፣ ከተጫነ በኋላ የ4 ሜትሩንና የ30 ሜትሩን ፈተና ሳናደርግ መኪናው ከግቢ አይውጣ። አምስተኛ፣ መኪና ወደ ኋላ በሚመለስበት ግቢ ሕፃን አይግባ።

ሴቶች ነጋዴዎች በተለይ ይህን እንድንይዘው እፈልጋለሁ። ስለ መኪና ስንጠይቅ «እህቴ፣ ይሄ የኛ ነገር ነው፤ አንቺ ዕቃሽን እዪ» የሚሉን ሾፌሮች አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ «ዕቃዬን እያየሁ ነው፤ አንተም ከኋላህ ያለውን እንድታይ ነው የምጠይቅህ»። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሜትሩን ከሚዛኑ ጋር አንድ ላይ እንያዝ።